እልል ካላልኩለት አይዘልም

ጥር 12

ወይኔ ከየት ልጀምር! ትናንት ጥምቀት፣ ዛሬ ቃና ዘገሊላ፣ ሁለት ቀን ሙሉ እልል ስል ውዬ ድምፄ ጠፍቷል፣ እግሬ አብጧል፣ ግን እሱን ልጽፍ አይደለም የተቀመጥኩት። አለበል ተመረጠ! ወንድሜ! ታቦቱን ሸኝተን ስንመለስ ቀሐ ድልድይ ላይ ስልኬ ጮኸ፣ ኮች መስከረም ናት። «የትናየት፣ ቆመሽ ነው ቁጭ ብለሽ?» አለችኝ። ቆሜ ነው አልኳት። «እንግዲያ እንዳትወድቂ። አለበልን ለማጣሪያው ጽፌዋለሁ።»

ኮች መስከረም የባሕር ዳር ልጅ ናት፣ ጣና ላይ ያደገች። እኔ አንሶላና ፎጣ የማጥብበት ሆቴል ውስጥ፣ ጠዋት እንግዳ ሳይነሳ፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውን ልጆች ዋና ታሠለጥናለች። እንደዛ ነው የሚባለው፣ እሷ ናት ያስተማረችኝ። እኛ ሰፈር የሚባለውን አልጽፈውም። አራት ልጆች አሏት፣ ከአራቱ አለበልንና ዝማሬ የምትባለዋን መረጠች። መጀመሪያ ባሕር ዳር ማጣሪያ፣ ካለፉ አዲስ አበባ፣ አገር አቀፍ! አዲስ አበባ!

ለእማ ነገርኳት። «ከሰጠመ እኔን እንዳትጠሩኝ» ብላ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። ደስ ብሏት ነው። የሷ ደስታ እንደዛ ነው።

አለበልን ደስ አለህ ወይ ስለው «እራት ምንድን ነው?» አለኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ትከሻው በር ይሞላል፣ ሁልጊዜ እራት ምንድን ነው ነው የሚለው።

እንቅልፍ የለኝም። ሰው ቢስቅበትስ? ውሃ ውስጥ ግራ ቢገባውስ? ግን ተመረጠ!

ጥር 14

ኮች ዛሬ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። «ይሄ ልጅ አንቺ እልል ካላልሽለት የማይዘለው ለምንድን ነው?» አለች።

አሁን ሳስበው መልሱ ቀላል ነው። አለበል መዋኘት የለመደው ቀሐ ወንዝ ነው፣ ክረምት ላይ፣ ከሰፈር ልጆች ጋር። መዝለል የለመደው ግን ጥምቀት ላይ ነው፣ ፋሲል መዋኛ። ትንሽ ሆኖ አጥሩ ላይ አስቀምጬ እይዘው ነበር። ጳጳሱ ውሃውን ይባርካሉ፣ እስከዛ ድረስ አንድ ሰው ጣቱን አይነክርም። ከዛ ሴቱ ሁሉ እልልልል ሲል ጎረምሳው ከነልብሱ ዘሎ ይገባል። አለበል ይቺን ያዘ። ለሱ ውሃ ማለት ዝግ ነው፣ የሚከፍተው እልልታ ነው። መጀመሪያ ሆቴሉ ያመጣሁት ቀን ኮች ዝለል ብትለው፣ ብትለምነው፣ ብትቆጥርለት፣ እጁን አጣምሮ «አልተከፈተም» ይላታል። እኔ ፎጣ ተሸክሜ ሳልፍ ሳላስበው እልል አልኩ። ሳልጨርስ ገብቷል! የታጠበውን ፎጣ ሁሉ አረጠበብኝ፣ ሱፐርቫይዘሯ ትሰድበኛለች እኔ እስቃለሁ።

ከዛ ወዲህ ከፋቿ እኔ ነኝ።

ይሄን ለኮች ስነግራት ሳቀች፣ ሳቀች፣ ከዛ ሳቋን አቆመች። «ሸጋ ነው የትናየት። ግን ውድድር ላይ የሚነፋው ፊሽካ ነው፣ ዘመድም አጠገብ አይቆምም። ከነገ ጀምሮ አንቺ ዝም።»

እሺ አልኳት።

ጥር 17

ቶሎ ልጻፍ፣ ሥራ ልገባ ነው። ኮች ፊሽካ ነፋች። ሦስቱ ገቡ። እሱ ቆመ። ደግማ ነፋች። ቆመ። ወደ ላውንደሪው፣ ወደ ልብስ ማጠቢያው በር ያያል። ያያል። እንዴት ዝም ልበል? ትንሽ ብቻ ነው፣ ከምላሴ ጫፍ፣ ፎጣ አፌ ላይ አድርጌ፣ ወፍ ነው የሚመስለው። ዘለለ! ኮች «በፊሽካ ዘለለ! በፊሽካ!» እያለች አጨበጨበች።

እኔም አጨበጨብኩ።

ጥር 25

ማታ ተኩስ ነበር። ሩቅ ነው ይላሉ፣ ሁልጊዜ ሩቅ ነው ይላሉ። አለበል አልጋ ሥር ገብቶ እግሩ ብቻ ይታያል። «እታለም፣ ዝም በያቸው» አለኝ። እኔ ዝም የማሰኛቸው መስሎት። ዝም ሲሉ ደግሞ እኔ ያሰኘኋቸው መስሎት «አመሰግናለሁ» አለ። የባሕር ዳር መንገድ ተዘጋ ይላሉ፣ ጠዋት ተከፈተ ይላሉ፣ እማ እንዳትሄዱ ትላለች።

ጠዋት ግን ሁሉን ረስቶ የዋና ቁምጣውን ለብሶ በር ላይ ቆሟል! ዛሬ እንዴት እንደዋኘ! ኮች ሰዓቷን አይታ አላመነችም፣ ነቀነቀችው። ውሃውን የተጣላው ይመስል ይመታዋል፣ ፊቱ ብቅ ሲል ግን ይስቃል። ሰገነት ላይ ባልና ሚስት እንግዶች ቡና ይዘው ያዩታል። ባልየው «ያ ልጅ ትንሽ… አይደል?» አለ። ሚስትየዋ «ዋናው ግን ትንሽ አይደለም» አለችው። ፎጣ ላቀብላቸው ወጥቼ ነው የሰማሁት። ለሷ ሁለት ፎጣ ሰጠኋት። ለሱ አልሰጠሁትም።

የካቲት 4

ሰጠኝ ማለት የባጃጁ ልጅ ነው፣ ጠዋት ጠዋት ሆቴል የሚያደርሰን። ዛሬ አለበል ወርዶ እኔ ልወርድ ስል «የትና፣ ሽማግሌ ልላክ ወይስ እኔው ሸምግዬ ልምጣ?» አለኝ።

«አለበልን ለማን ጥዬ?» አልኩት።

«አለበል እኮ ሥራ አለው። ሥራ ፈቷ አንቺ ነሽ» አይለኝም! ባለጌ። ቀኑን ሙሉ ተናድጄ ቀኑን ሙሉ ብቻዬን ስስቅ ዋልኩ። ግን ምን ማለቱ ነው? እኔ ከሌለሁ አለበል አንድ ቀን አይውልም። ማን ይከፍትለታል?

የካቲት 9፣ ባሕር ዳር

አልፏል አልፏል አልፏል! ሁሉም ተኝተዋል፣ እኔን እንቅልፍ ይወስደኛል እንዴ? ከመጀመሪያው ልጻፈው እንዳይጠፋብኝ።

ትናንት ስንመጣ ማክሰኝት ላይ ገበያ ነበርና በጉም በሬውም መንገዱን ሞልቶ ማኪናው ቆመ። አለበል በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ለበጎቹ «እንደምን ዋላችሁ» ይላል። ዝማሬ ከጎኑ ሆና በበጎቹ ፈንታ «ደህና ነን፣ አንተስ» ትላለች። ሰው ሁሉ ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም። እኔ ለክፉው ተዘጋጅቼ ነበር፣ ባዶ እጄን ቀረሁ።

የዛሬው ፑል ትልቅ ነው፣ የኛ ሆቴል እሱ ውስጥ ይዋኛል። ቤተሰብ ከአጥሩ ውጪ ተባልን። መጀመሪያ ሴቶቹ፣ ዝማሬ አንደኛ ወጣች! ከዛ ወንዶቹ። አለበል መዝለያው ላይ ወጣ። ኮፍያው አንድ ጆሮውን አጥፎበታል፣ ሄጄ ባስተካክልለት። ዳኛው ፊሽካውን አፉ ላይ አደረገ፣ ገና አልነፋም፣ ይሄኔ የዝማሬ እናት ከጀርባዬ፣ ልጇን አይታ፣ እልልልልል!

አለበል ገባ። ብቻውን። ሌሎቹ ቆመው ያዩታል። ብቻውን እንደዛ እየመታ ሄዶ ግድግዳውን ነክቶ ቀና ሲል ማንም የለም። ግራ ቀኝ ዞረ። «የት ሄዱ?» አለ።

ሰው ሳቀ። ይሄኛውን ሳቅ ነበር የፈራሁት።

ዳኞቹ ተሰበሰቡ፣ ኮች ለመነቻቸው፣ አንድ ዕድል ይሰጠው ተባለ። እንደገና ተሰለፉ። ፊሽካው ተነፋ። ሁሉም ገቡ። አለበል ቆሟል። አሁንማ እልልታውም አሞኝቶታል፣ ማንን ይመን? አጥሩን ያያል፣ እኔን ይፈልጋል። ኮች ወደኔ ዞረች። በዓይኗ ዝም በይ ያለችኝ ይመስለኛል። ይመስለኛል ነው፣ ፀሐይ ነበር፣ በደንብ አላየኋትም።

እልልልልልልል! እንደዛ ብዬ አላውቅም፣ ታቦት ፊት እንኳን። ዘለለ። ሌሎቹ ግማሽ ደርሰዋል። አንዱን አለፈው። ሌላውን አለፈው። አጥሩን ይዤ የነከስኩት መሰለኝ፣ አሁንም ጥርሴን ያመኛል። ሁለተኛ! ሁለት ነው የሚወስዱት! ሁለተኛ ወጣ! ከማላውቃቸው ሴቶች ጋር ተቃቅፈን ዘለልን፣ አንዷ ሻሿን እላዬ ላይ ትታው ሄደች፣ እስካሁን እኔ ጋ ነው።

ኮች ብቻ አላቀፈችኝም። ደክሟት ይሆናል።

የካቲት 11

አልደከማትም። ላውንደሪ መጥታ በሩን ዘጋችው። አትጮህም እሷ፣ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ምኑ?»

«የትናየት።»

መወልወያ አነሳሁ። የሳሙና ውሃ ፈሶ ነበር።

«እኔ በፊሽካ ዘለለ እያልኩ ለሰው ሳወራ፣ አንቺ እዚህ ፎጣ ውስጥ ሆነሽ ትከፍቺለታለሽ።»

«እንዳይፈራ ብዬ ነው።»

«ማን እንዳይፈራ?» አለችኝ።

አዲስ አበባ ዘመድ አይሄድም፣ አሠልጣኝና ልጆቹ ብቻ ናቸው። እስከ ሆሳዕና ድረስ፣ እኔ በሌለሁበት፣ በፊሽካ ካልዘለለ ሦስተኛ የወጣው ልጅ ይሄዳል። ይሄን ብላ በሩን ከፈተችው፣ ቀስ ብላ፣ ሄደች።

ማን እንዳይፈራ ማለት ምን ማለት ነው? አለበል ነዋ!

የካቲት 19

ጾም ገባ። ሥራዬን ወደ ከሰዓት አስቀየርኩ። ጠዋት እኔ ቤት ነኝ፣ እሱ ከሰጠኝ ጋር ይሄዳል። ኮች እንቁላል ብላ ብትለው «ጾም ነው፣ አንቺም አትብይ» ብሎ ተቆጥቷታል፣ ጎበዝ።

ሲመለስ መጀመሪያ ራሱን፣ ፀጉሩን ነው የምዳስሰው። ትናንት ደረቅ። ዛሬም ደረቅ። ሰጠኝ እንደሚነግረኝ ሁሉም ገብተው ወጥተው እሱ ጠርዙ ላይ እጁን አጣምሮ ይንቀጠቀጣል፣ ፊሽካው ሲነፋ ይባስ ድንጋይ ይሆናል።

አዘንኩ። በጣም ነው ያዘንኩት። እራቴን ግን በላሁ፣ ተኝቼም አደርኩ፣ እንደዛ ተኝቼ አላውቅም። ምነው እንደሆነ እንጃ።

መጋቢት 3

አያ በላቸው ከገጠር፣ ከድብ ባሕር መጡ። የእማ ታላቅ ወንድም ናቸው። ገና ሳይቀመጡ «ይሄ ልጅ ውሃ ውስጥ ምን ጠፍቶበት ነው?» አሉ።

«ይወዳደራል አያ፣ አዲስ አበባ ይሄዳል» አልኳቸው።

«ከማን ጋር ነው የሚወዳደረው?»

«ከመሰሎቹ» አለች እማ፣ ቀስ ብላ።

«እና አገሩ ተሰብስቦ ሊያያቸው? ለሳቅ ነዋ!» በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። «ስሚኝ አባይነሽ እህቴ፣ ስጭኝና ይዤው ልሂድ። ከኔ ጋር አርሶ ከኔ ጋር ይብላ። እኔ ባለሁበት የሚስቅበትን ወንድ አየዋለሁ።»

እማ ዝም አለች። የእማ ዝምታ እሺ ነው። አለበል ጥግ ላይ የዋና መነጽሩን እንዳደረገ ቆሎ ይበላል።

«ሥራ አለኝ» አለ።

«የምን ሥራ?»

«ዋና።»

አያ በላቸው ሳቁ፣ ሳቁ አምልጧቸው ነው። ጢማቸውን ጠረጉና «እሺ እንግዲህ። ለፋሲካ እመጣለሁ። አዲስ አበባ የሚሄድ ከሆነ ይሂድ። ካልሆነ ሥራው ከኔ ጋር ነው» አሉ። እማ እሺ አለች፣ አሁን በአፏ። እኔን ማንም አልጠየቀኝም።

ድብ ባሕር! እዛ ምን ውሃ አለ? እኔስ የት አለሁ? እኔ ነኝ እንዲህ ያደረግኩት? አይደለሁም። እንዳይፈራ ብዬ ነው እኮ።

መጋቢት 10

ጉድ ጉድ ጉድ። ፊሽካ ገዛሁ። ግቢ ውስጥ ነፋሁለት። ድንጋይ! እጁን ጎኑ ላይ ለጥፎ ትንፋሹን ያዘ። «ምነው አለበል?» ስለው ጆሮዬ ሥር ሹክ አለኝ፤ «ፖሊስ።»

ለካ! ጠዋት ጠዋት ባጃጅ ላይ ነው፣ ፒያሳ ላይ ትራፊኩ ሲነፋ ሰጠኝ ቀጥ! ፍሬኑን ይዞ ላቡ ይወርዳል። ፊሽካ ማለት ቁም ማለት ነዋ! እኛ ሁላችን ምነው አይዘልም ስንል እሱ ቁም ተብሎ ቆሟል! ከሁላችን ትእዛዝ የሚያከብረው እሱ ነበር! ስቄ ስቄ ከዛ አለቀስኩ፣ እማ ምን ነካሽ አለችኝ።

መጋቢት 13

ገበያ ስንሄድ ባጃጁ ውስጥ ሦስታችን። ትራፊኩ ነፋ፣ ሰጠኝ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ነፋና እጁን ወደፊት ወረወረ፣ ሄድን። አለበል ጉልበቴን መታ መታ አደረገኝ።

«እታለም። ሂድም ይላል።»

«ምኑ?»

«ፊሽካው። እጁን እንዲህ ሲያደርግ ሂድ ነው።»

ሰጠኝ በመስታወቱ አየኝ። «ሰማሽ የትና?» አለኝ።

ሰማሁ አልኩት። ነገ ለኮች እነግራታለሁ።

መጋቢት 16

ለኮች መንገሩን ረሳሁት። የስብሰባ እንግዳ መጥቶ አንሶላው ተራራ ነው።

መጋቢት 19

አልነገርኳትም ገና። ስልኬ ባትሪው ይሞታል። ደግሞ እሷ ራሷ ማወቅ አልነበረባትም? የተማረች አይደለች? ራሱን ዳሰስኩት፣ ደረቅ።

እማ ምስር ስትለቅም ቀና ሳትል «ይሄ ሁሉ ስጋት ለሱ ነው ወይስ ላንቺ?» አለችኝ። ምንም ሳልላት! ምኑ እማ፣ አልኳት። «እኔ ምን አውቃለሁ» አለችና ለቀማዋን ቀጠለች።

ሰው ሁሉ ዘንድሮ ምን ሆኗል።

መጋቢት 25

እርጥብ! እርጥብ እርጥብ እርጥብ! ራሱን ስዳስሰው እጄ ረጠበ!

ራሱ ሄዶ ነገራት! ሰጠኝ በዓይኑ አይቷል። ኮች ፊሽካ ስትነፋ አለበል ከጠርዙ ወርዶ ሄደ፣ ክንዷን ያዘ፣ ወደ ላይ አነሳው፣ ወደ ውሃው ወረወረው፣ «እንዲህ አድርጊ» አላት። ተመልሶ ቦታው ቆመ። ኮች ነፋች፣ እጇን ወረወረች። አሁንም ትንሽ ቆመ። ዝማሬ ከውሃው ውስጥ «ሂድ ተባልክ እኮ!» ብላ ጮኸችበት። ገባ! ኮች ከነልብሷ ከነጫማዋ ተከትላው ገብታ አቀፈችው አሉ።

እኔ ቤት ሽንኩርት እከትፍ ነበር። ዓይኔ ለዛ ነው ያበጠው።

ደስ ይላል። እንዴት እንደሚያስደስት! ደጋግሜ ራሱን ዳሰስኩት፣ «በቃ እታለም» አለኝ።

ሚያዝያ 5፣ ሆሳዕና

ኮች ጻፈችው! አለበልና ዝማሬ አዲስ አበባ! ጣቴ ላይ የዘንባባ ቀለበት አስሬ ነው የምጽፈው፣ ለእሱም ሠርቼለት ወዲያው በጠሰው።

ሥራዬን ወደ ጠዋት መለስኩ። ኮች ፈቀደች፣ በሩን ዘግተሽ ሥሪ ብላ። ዘጋሁት። ድምፅ ብቻ ነው የምሰማው። ፊሽካ፣ ከዛ ቧ! ከአራቱ የሱን እለያለሁ፣ ትልቁ ቧ የሱ ነው። አፌ ውስጥ ምላሴ ብቻዋን ትነሳለች፣ ፎጣ ነክሼ ነው የማስቀምጣት።

ሚያዝያ 13

አያ በላቸው ለፋሲካ በግ ይዘው መጥተው ነበር፣ በጉን አስረክበው ልጁን ሊወስዱ። ዛሬ ኮች ፑሉ ጋ ወሰደቻቸው። ጋቢያቸውን ተከናንበው ጥላ ሥር ቆሙ። አለበል ገባ፣ ደርሶ ተመለሰ፣ ወጣ፣ ፊታቸው ቆሞ ውሃውን አራገፈባቸው። አያ ሲሄዱ ለኮች «ይሄ ልጅ ክረምት ወንዝ ሲሞላ ሰው ማሻገር ይችላል» አሏት። ምስጋና ነው! የሳቸው ምስጋና ከዚህ አያልፍም። ብቻቸውን ተሳፈሩ!

ሚያዝያ 22

ነገ ይሄዳል። በአውሮፕላን! መንገዱ ስላልታመነ ነው። ሻንጣውን አስሬ ፈታሁ፣ ፈትቼ አሰርኩ። ፎጣው አለ፣ ቁምጣው አለ፣ ነጠላ ጫማው አለ።

«ተኩስ ብትሰማ?»

«ዝማሬ አለች።»

«ብትጠፋስ?»

«ኮች አለች።»

«እኔስ?» አልኩት። ለምን እንዳልኩት እንጃ።

አስቦ አስቦ «አንቺማ ዋና አትችይም» አለኝ።

እውነቱን ነው! አልችልም! ውሃ እፈራለሁ፣ ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ገብቼ አላውቅም። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። ይሄን ሁሉ ዘመን ዳር ቆሜ ነው የከፈትኩለት።

ሚያዝያ 25፣ ቅዳሜ

ጠዋት። ምንም የሰማሁት የለም። የትራስ ልብስ በካውያ አቃጠልኩ።

አሁን ደግሞ ከሰዓት ነው። እስኪ ቀስ ብዬ ልጻፈው። ኮች ደወለች። ኮች!

«የትናየት፣ ስሚኝ፣ ጊዜ የለም። ጠዋት ልምምድ ላይ አልዘለለም። ፑሉ ቤት ውስጥ ነው፣ ጣሪያ አለው፣ ፊሽካው ያስተጋባበታል፣ ዳኛው እጁን አይወረውርም፣ እኔን አያስጠጉኝም። አሁን ሊጠሩት ነው። ላውድ ላይ አደርግሻለሁ፣ እልል በይለት።»

እሷ! ዝም በይ ያለችኝ እሷ!

ደስ አለኝ፣ እንዴት አድርጌ ልጻፈው፣ ደስ ነው ያለኝ፣ ሰውነቴ በሙሉ ቀለለኝ። በስልኩ ያ ሁሉ ሰው ይንጫጫል፣ ውሃው ይጮሃል፣ ከዛ ትንፋሹ። ትንፋሹን አውቀዋለሁ።

«እታለም» አለኝ። «አልተከፈተም።»

ምላሴ ተነስታ ነበር። እምላለሁ ተነስታ ነበር።

«አለበል፣ እኔ ሥራ ላይ ነኝ» አልኩት። «አንተም ሥራ ላይ ነህ።» ዘጋሁት።

ዘጋሁት! የዘጋሁት ካርድ እንዳይቆጥርብኝ ብዬ ነው። ለካ የደወለችው እሷ ናት። ሱፐርቫይዘሯም ቆማ ታየኝ ነበር፣ ሥራ ቦታ እንዴት እልል ይባላል። ለዛ ነው።

ወዲያው ደግሞ ጮኸ። ቅርጫት ውስጥ ከተትኩት፣ ላዩ ላይ ፎጣ፣ ሌላ ፎጣ፣ ሌላ ፎጣ፣ ሄጄ ተቀመጥኩበት። ከሥሬ ይነዝራል። አላነሳሁም። ይቆማል። እንደገና። አላነሳሁም። ካልዘለለስ? ያ ሁሉ ሰው ቢስቅበትስ፣ እኔ ስልክ ላይ ተቀምጬ? ወለተ ሚካኤል አብራኝ የምታጥበው «ምን ሆንሽ፣ ታመምሽ እንዴ?» አለችኝ። ደህና ነኝ አልኳት። ስልኩ ዝም አለ። ዝም ሲል ይባስ።

ማታ። ዘለለ።

ከሁሉም መጨረሻ ነው የገባው። ኮች ናት የነገረችኝ። ፊሽካው ተነፋ፣ ሁሉም ገቡ፣ አለበል የዳኛውን እጅ አየ፣ አልተነሳም። ሰው መሳቅ ሊጀምር ነው። አለበል የራሱን እጅ አነሳ፣ ወደ ውሃው ወረወረው፣ ጮክ ብሎ ለራሱ «ሂድ!» አለ። ገባ። ሦስተኛ! ነሐስ! ከአገሩ ሦስተኛ!

ስጭኝ አልኳት። ሰጠችኝ። «የኔ ጀግና! ስልኩን ስለዘጋሁብህ ተቀየምከኝ?» አልኩት።

«እታለም፣ ጣሪያ አለው» አለኝ። «ዝማሬ ወርቅ አላት። ኬክ መጣ። ቻው።»

ዘጋብኝ!

ለእማ ስነግራት እየጮህኩ ነው የነገርኳት፣ ጎረቤት ተሰበሰበ። እማ እንደልማዷ ጓዳ ልትገባ ስትል ያዝኳት፣ እዚሁ ሰው ፊት አልቅሺ አልኳት። አለቀሰች።

ሚያዝያ 27

አዘዞ ኤርፖርት ሄድን። እማ አዲስ ጫማ አድርጋ ታነክሳለች፣ ሰጠኝ ባጃጁን አጥቦ አበባ ሰክቶበታል፣ የላውንደሪ ሴቶች ፈቃድ ወስደው መጥተዋል፣ የዝማሬ እናት ከበሮ አምጥታለች። በሩ ሲከፈት ሁሉም አንድ ላይ እልልልልልል! እኔ ደንግጬ እጄን ዘርግቼ ወደፊት ሮጥኩ፣ እልልታውን ሰምቶ የሆነ ነገር ውስጥ ዘሎ ይገባል ብዬ! ፈሪ።

አልዘለለም። ቆመ፣ እስኪጨርሱ ሰማቸው፣ አጨበጨበላቸው። ሜዳሊያው አንገቱ ላይ ነው፣ ገልብጦ ነው ያደረገው። የዝማሬን ሻንጣ ተቀብሎ ደረጃውን አወረደላት፣ ለእናቷ አስረከበ፣ ከእማ ተሳሳመ፣ ከሰጠኝ ጋር ትከሻ ተጋጨ፣ የላውንደሪዎቹን አንድ በአንድ ጨበጠ። እኔ መጨረሻ ላይ ነበርኩ። ልቤ ከበሮውን ይቀድም ነበር።

መጣና ፊቴ ቆመ። አየኝ። ከሩቅ የመጣሁት እኔ ሆኜ የተቀበለኝ እሱ ይመስል ፈገግ አለ።

«መጣሽ?» አለኝ።

«መጣሁ» አልኩት።